«የውጭ ተጫዋች» ማን ነው?

ከቶሮንቶ፣ ካናዳ



እዚህ ቶሮንቶ ዳንፎርዝ ላይ ካሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብላችሁ ስለ አገራችን እግር ኳስ ብታነሱ፣ ቡናው ሳይፈላ አንድ ክስ ትሰማላችሁ። «ሊጉን የውጭ ተጫዋቾች ወረሩት፤ ልጆቻችን ቦታ አጡ» የሚል ነው። ብሔራዊ ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር ክሱ ይበረታል። ናይጄሪያዊው፣ ጋናዊው፣ ኡጋንዳዊው የነገራችን ሁሉ ጥፋተኛ ሆኖ ያርፈዋል።

እኔ ኳስ ተጫዋችም ባለሥልጣንም አይደለሁም። የአገሬን ሊግ ከሩቅ የምከታተል፣ በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ የወገን ልጆችን ኳስ ከሚያለማምዱት አንዱ የሆንኩ ስደተኛ ነኝ። ክሱን ለዓመታት ሰምቼ፣ ነገሩን ባገላበጥኩት ቁጥር ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሆንብኛል። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለማስረዳት እሞክራለሁ። እነዚህ ተጫዋቾች እነማን ናቸው? ለምንስ መጡ? የሚከፍላቸውስ ማን ነው? በመጨረሻም፣ እኛን ስደተኞችን ከሁሉ በላይ ሊያሳስበን የሚገባውን ጥያቄ አነሳለሁ፤ በሕጉ ዓይን «የውጭ» የሚባለው ማን ነው? የኳሱን ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የዐዋጆቹን ደግሞ በእኛው እጽፋለሁ።

ነገሩ አዲስ አይደለም

በአዲስ አበባ ኳስ ከመጀመሪያው የውጭ ሰው ያልነበረበት ዘመን የለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1935 ሲመሠረት ከመሥራቾቹ መካከል ከአየለ አትናሽ ጋር ስሙ የሚነሣው ጆርጅ ዱካስ የግሪክ ዘር ያለው የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፣ በ1944፣ በከተማዋ በተካሄደው የመጀመሪያ ውድድር አምስት ቡድኖች ተሰለፉ። የኢትዮጵያውያኑ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ቡድን ነበሩ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። እንግዲህ የሊጋችን የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ከአምስት ስም አራቱ የውጭ ማኅበረሰብ ስም ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ አለ። በጥር 1962 ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት፤ የተወለደው አስመራ ነው። ከአራቱ ግቦች ሁለቱን ያገቡት እሱና ወንድሙ ኢታሎ ናቸው። ያኔም ቢሆን የጣሊያን ስም ያለው ሰው የኢትዮጵያን ዋንጫ ባይቀበል ደስ የሚላቸው እንደነበሩ፣ ይድነቃቸው ተሰማ ግን ይህን አልቀበልም እንዳሉ ይነገራል። ሉቺያኖ በደርግ ዘመን አገር ለቆ ወጥቶ ኑሮውን በስደት ጣሊያን አደረገ፤ በ2022 እዚያው አረፈ። አንዴ «የውጭ» ነህ የተባለ፣ ለአገሩ ዋንጫ ያመጣ፣ በመጨረሻም እንደ እኛ ስደተኛ ሆኖ የሞተ ሰው ነው። የሱን ታሪክ የያዘ ሰው «የውጭ ተጫዋች» የሚለውን ቃል ሲናገር ቆም ብሎ ማሰብ ይኖርበታል።

የመጡት እነማን ናቸው?

ወደ ዛሬው ሊግ እንምጣ። ፕሪሚየር ሊጉ አሁን ባለው መልኩ የተጀመረው በ1997/98 ነው። ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ስማቸው ጎልቶ የወጣውን የውጭ ተጫዋቾች ስንቆጥር አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ብዙዎቹ ወይ ግብ ጠባቂ ወይ አጥቂ ናቸው።

ከግብ ጠባቂዎቹ እንጀምር። ኡጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ ለዓመታት የቅዱስ ጊዮርጊስን በር ጠበቀ፤ ጊዮርጊስ በ2017 በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሲሆን በሩ ላይ የቆመው እሱ ነበር። ከሱ በኋላ ኬንያዊው ፓትሪክ ማታሲ፣ ቀጥሎም ሌላው ኡጋንዳዊ ቻርልስ ሉክዋጎ መጡ። የኢኳቶሪያል ጊኒው ፊሊፕ ኦቮኖ በመቀሌ 70 እንደርታ፣ ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ በፋሲል ከነማ፣ ጋናዊው ዳንኤል አጄይ በጅማ አባ ጅፋር ተጫውተዋል። ከአጥቂዎቹ ደግሞ ናይጄሪያዊው ሳሙኤል ሳኑሚ በ2014/15 የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። የአገሩ ልጅ ኦኪኪ አፎላቢ በ2017/18 ይህንኑ ክብር ወሰደ፤ በዚያ ዓመት ጅማ አባ ጅፋር ከታች ባደገበት ዓመት ዋንጫውን በላ።

ለምን ግብ ጠባቂና አጥቂ? አንድ ክለብ ገንዘቡን የሚያወጣው ቀዳዳ ባለበት ቦታ ስለሆነ ነው። የእኛ ልጆች የመሐል ሜዳ ኳስ ያውቃሉ፤ በመንደር ሜዳ በትንሽ ጎል ያደገ ልጅ ኳስ መያዝና ማቀበል ይማራል። በትንሽ ጎል ጨዋታ ግን ግብ ጠባቂ የለም። ግብ ጠባቂ የሚፈራው የራሱ አሰልጣኝ፣ የሚወድቅበት ሣር፣ ጓንትና በቂ ምግብ ካለው ብቻ ነው፤ ያም በአሥራ ሁለት ዓመቱ መጀመር አለበት። ይህን በአገሪቱ ስፋት ያዘጋጀ አካል የለም።

ውጤቱን በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ አየነው። ከ31 ዓመት በኋላ ተመልሰን በገባንበት ውድድር ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ ሲሳይ ባንጫ በቀይ ሲወጣ መቀየሪያው አልቆ ነበርና አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ በር ላይ ቆመ። ቀይ ካርድ በማንም ላይ ይደርሳል። ያ ምስል ግን የነገራችን ምሳሌ ሆኖ በአእምሮዬ ቀርቷል፤ በሩን የሚጠብቅ ሰው ቀድሞ ያላዘጋጀ አገር፣ በመጨረሻው ሰዓት ያገኘውን ያቆማል። ክለቦቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ያገኙትን ከካምፓላና ከባማኮ ያመጣሉ።

ግብፅ የውጭ ግብ ጠባቂ በሊጓ እንዳይጫወት ከልክላለች። «እኛም እንከልክል» የሚሉ አሉ። ግብፅ ግን ከመከልከሏ በፊት የታዳጊ ቡድን ያላቸው ክለቦች ነበሯት። ክልከላው የነበረውን ጠበቀላት እንጂ ያልነበረውን አልፈጠረላትም። ባዶ ጎተራ ላይ ቁልፍ ቢንጠለጠልበት እህል አይገኝበትም።

የሚከፍለው ማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ገባን። የአብዛኞቹ ክለቦቻችን ባለቤት ማን ነው? የከተማ አስተዳደር፣ ባንክ፣ መድን ድርጅት፣ መብራት ኃይል፣ መከላከያ ነው። ስማቸውን ብቻ ተመልከቱ፤ ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮጵያ መድን፣ መቻል። በደጋፊና በስፖንሰር ላይ የሚቆሙት ጥቂት ናቸው። ይህ ማለት የውጭ አጥቂው ደሞዝ በብዙ ቦታ የሚወጣው ከሕዝብ ካዝና ነው። የውሃ ቧንቧ ያልተዘረጋለት ቀበሌ ነዋሪ ሳያውቀው የኳስ ተጫዋች ቀጣሪ ሆኗል።

በነሐሴ 2019 ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተስማምተው የአንድ ተጫዋች የወር ደሞዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አወጡ። በጊዜው ምንዛሪ 1,700 ዶላር ገደማ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሒሳቡ በውጭ ኦዲተር ተመርምሮ ለሕዝብ ካልወጣ፣ ጣሪያው ላይ የተጻፈው ሌላ፣ በኤንቨሎፕ የሚሰጠው ሌላ ለመሆን በሩ ክፍት ነው።

የውጭ ተጫዋች ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ በዶላር የሚያስብ ሰው ነውና። በሐምሌ 2024 መንግሥት ብርን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እስቲ ለምሳሌ ያህል በወር 2,000 ዶላር የተዋዋለ ግብ ጠባቂ እናስብ። ሰኔ ላይ ክለቡን 114,000 ብር ያስወጣው የነበረ ሰው፣ ብዙ ሳይቆይ ከ200,000 ብር በላይ ያስወጣዋል። ግብ ጠባቂው አንድ ተጨማሪ ኳስ አላዳነም፤ ክለቡም አንድ ተጨማሪ ትኬት አልሸጠም።

«የቴሌቪዥኑ ገንዘብስ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ክለቦቹ በአክሲዮን ማኅበር ተደራጅተው በ2020 የስርጭት መብቱን ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ለዲ.ኤስ.ቲቪ ሸጡ። ለሊጋችን ትልቅ እርምጃ ነበር። ግን ቁጥሩን እናካፍለው። በዓመት 4.5 ሚሊዮን ነው፤ ለአሥራ ስድስት ክለብ እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ 280,000 ዶላር ገደማ ይደርሰዋል። ለታዳጊ ቡድን፣ ለሜዳና ለሐኪም ቢውል ብዙ ይሠራል። ሁለት ሦስት አጥቂ ለማስመጣት ከዋለ ግን የውድድሩ ዓመት ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

ሁለት በሮች

ስለ ደሞዝ ካነሣን ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ አሠራር አለ። ክለብ ለውጭ ተጫዋች ደሞዝ ቢከለክለው፣ ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ገጽታ አለውና ተጫዋቹ በቀጥታ ለፊፋ የክርክር ሰሚ አካል ማመልከት ይችላል። በፊፋ ደንብ መሠረት ሁለት የወር ደሞዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ካልተከፈለው ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ክለቡ የተፈረደበትን ካልከፈለ ደግሞ አዲስ ተጫዋች እንዳያስፈርም ይታገዳል። እገዳው እስከ ሦስት የዝውውር ጊዜ ሊደርስ ይችላል።

ያው ክለብ የአርባ ምንጩን ወይም የኮምቦልቻውን ልጅ ደሞዝ ቢከለክለውስ? ያኛው ክርክር የአገር ውስጥ ጉዳይ ነው። ልጁ የሚያመለክተው ለራሱ ፌዴሬሽን ነው፤ የፌዴሬሽኑን አመራር በጉባኤ ከሚመርጡት መካከል ደግሞ ክለቦቹ አሉበት። በሌላ አነጋገር ከሳሹ የሚቆመው ተከሳሹ ድምፅ በሰጠው ቤት ነው። በዚህ ላይ ሊጉ ትንሽ ነው፤ «ከሳሽ» የሚል ስም የወጣለት ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ክለብ ላያገኝ ይችላል።

እንግዲህ ሁለት ሰዎች በአንድ መልበሻ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ለአንዱ ዙሪክ ድረስ የተከፈተ በር አለ፤ ለሌላው የለም። የአገሬው ልጅ በገዛ አገሩ ከእንግዳው ያነሰ መብት አለው። ይህን ያደረገው ናይጄሪያዊው ነውን? የአገሬውን ልጅ የሚጠብቅ፣ ከክለቦቹ ተጽዕኖ ነጻ የሆነ ዳኛና ጠንካራ የተጫዋቾች ማኅበር የነፈገው ማን ነው? ወቀሳችንን የምንወረውረው ከሆነ ወደዚያ እንወርውረው።

እንግዳውም ቢሆን ኑሮው አልጋ በአልጋ አይደለም። በ2018/19 ዋንጫ የበላው መቀሌ 70 እንደርታ፣ በህዳር 2020 ጦርነቱ ሲፈነዳ ከሌሎቹ የትግራይ ክለቦች ጋር ከሊጉ ውጭ ሆነ፤ ለዓመታትም አልተመለሰም። የአገሬው ተጫዋች ክለቡንም፣ ሰፈሩንም፣ አንዳንዱ ወገኑንም አጣ። ኳስ ከፖለቲካ ውጭ ነው የሚለን ሰው ካለ ይህን ያስታውስ።

የእኛም ልጆች የሰው አገር «የውጭ ተጫዋች» ናቸው

የውጭውን ተጫዋች ስንወቅስ የምንረሳው ሌላ ነገር አለ። ሳላዲን ሰዒድ በግብፅ፣ በቤልጂግና በአልጄሪያ ተጫውቷል። ሽመልስ በቀለ ለዓመታት የግብፁን ፔትሮጄት ማሊያ ለብሷል። ጌታነህ ከበደ በደቡብ አፍሪካ፣ ጋቶች ፓኖም በሩሲያ ተጫውተዋል። ፍቅሩ ተፈራ በ2014 የሕንድ ሱፐር ሊግ ሲከፈት የውድድሩን የመጀመሪያ ግብ ያገባ ሰው ነው። አቡበከር ናስር በ2020/21 ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አግብቶ ክብረ ወሰን ከሰበረ በኋላ በ2022 ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ሁሉም በሄዱበት «የውጭ ተጫዋች» ተብለው ተመዝግበዋል። ሲሳካላቸው አጨበጨብን። ካይሮ ውስጥ አንድ ሰው «ይሄ ሐበሻ የልጃችንን ቦታ ወሰደ» ቢል ምን እንደሚሰማን እናውቃለን። ይህንኑ ስሜት አዲስ አበባ ላለው ኡጋንዳዊም ልናስብለት ይገባል።

የቶሮንቶው ልጅ የት ይመደባል?

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ ልግባ። ከማለማምዳቸው ልጆች የአንዱ አባት «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ጎበዝ ቢወጣ ለኢትዮጵያ መጫወት ይችላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ሕጉን ሳነብ ግን መልሱ «ልጁ ሲወለድ ያንተ ፓስፖርት የማን ነበር?» የሚል ሌላ ጥያቄ ሆነ።

የ1996 ዓ.ም. የዜግነት ዐዋጅ ቁጥር 378 ከወላጆቹ አንዱ እንኳ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ካናዳ ደግሞ በምድሯ ለተወለደ ልጅ ዜግነት ትሰጣለች። ስለዚህ አባቱ ገና የኢትዮጵያ ፓስፖርት እንደያዘ ቶሮንቶ የተወለደ ልጅ ሁለቱንም ይዞ ይወለዳል። ነገር ግን በዐዋጁ አንቀጽ 20 መሠረት ይህ ልጅ አካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የካናዳ ዜግነቱን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። አስቡት፤ ብዙው ልጅ ይህ ሕግ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ አሥራ ዘጠነኛ ልደቱን ሲያከብር «በፈቃዱ» ከአገሩ ወጥቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይገፈፍም ይላል። ያልተጠየቀ ልጅ ዝምታ ፈቃድ ነውን?

አባቱ የካናዳ ዜግነት ከወሰደ በኋላ የተወለደው ልጅ ጉዳይ ደግሞ አጭር ነው። እናቱም ዜግነቷን ቀይራ ከሆነ፣ ልጁ ሲጀመርም ኢትዮጵያዊ አይደለም። ለሱ ያለው የ1994ቱ ዐዋጅ ቁጥር 270 የሰጠን ቢጫ ካርድ ነው። በቢጫ ካርዱ ያለ ቪዛ መግባትና ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት ይችላል፤ ከኡጋንዳዊው ግብ ጠባቂ በዚህ ይሻላል። ፊፋ ግን ለብሔራዊ ቡድን የሚጠይቀው በመኖሪያ ቦታ ላይ ያልተመሠረተ ቋሚ ዜግነት ነው። ቢጫ ካርድ ዜግነት አይደለም። ስለዚህ ይህ ልጅ አያቱ አዲግራት ወይም ደብረ ማርቆስ ተወልዳ፣ ቤቱ አማርኛ እየተነገረ አድጎ፣ ለብሔራዊ ቡድናችን ከኦኪኪ አፎላቢ እኩል «የውጭ» ነው።

ካናዳ በኩል ያለውን ደግሞ ተመልከቱ። ቶሮንቶ ኤፍ.ሲ. በሚጫወትበት በኤም.ኤል.ኤስ. ደንብ፣ በካናዳ ክለብ ውስጥ የስደተኝነት ወይም የጥገኝነት ከለላ ያገኘ ሰው እንደ አገሬው ተጫዋች ሊቆጠር ይችላል። ፓስፖርት እስኪያገኝ አይጠበቅም። በ2019 የተጀመረው የካናዳ ፕሪሚየር ሊግ ሲቋቋም እያንዳንዱ ክለብ ከሰባት በላይ የውጭ ተጫዋች እንዳይይዝ፣ ከመጀመሪያ ተሰላፊዎቹ ቢያንስ ስድስቱ ካናዳውያን እንዲሆኑ፣ ከ21 ዓመት በታች ያሉ ካናዳውያን ደግሞ በድምሩ ቢያንስ 1,000 ደቂቃ እንዲጫወቱ ደነገገ። የውጭውን አላባረረም፤ ለልጆቹ ግን ደቂቃ ቆጥሮ ሰጠ። በጋና የስደተኞች ካምፕ ከላይቤሪያውያን ወላጆች የተወለደው አልፎንሶ ዴቪስ በ2017 ዜግነት አግኝቶ በዚያው ወር ለካናዳ ተሰለፈ፤ በ2022ም ለካናዳ በወንዶች የዓለም ዋንጫ የመጀመሪያዋን ግብ አገባላት። ካናዳ የሰው ልጅ ተቀብላ ግብ አገኘች። እኛ የራሳችንን ልጅ በአንቀጽ እናስወጣለን።

አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነው ቴዎዶር ገብረሥላሴ በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ለቼክ ተጫወተ። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን ተወልዶ በአርሰናል ያደገው ጌዲዮን ዘላለም ለአሜሪካ ታዳጊ ቡድኖች ተሰለፈ። ምርጫቸው ነው፤ አላዝንባቸውም። የሚያሳዝነኝ በእኛ በኩል በሩ ተዘግቶ መቆየቱ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ክለብ የተጫዋቾቹን ደሞዝና የወኪል ክፍያ በየዓመቱ ለሕዝብ ያውጣ። የውጭ ግብ ጠባቂ የሚያስፈርም ክለብ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ የአገሬው ግብ ጠባቂ በውድድር የሚሰጠውን ደቂቃ አብሮ ያስመዝግብ፤ እንግዳው እያስተማረ ይጫወት። የአገሬው ተጫዋች የደሞዝ አቤቱታ ክለቦች በማይመርጡት ዳኛ ይታይ። የዜግነት ዐዋጁ አንቀጽ 20 ላይም እኛ ስደተኞች ድምፃችንን እናሰማ። ስለ መሬትና ስለ ባንክ ሒሳብ ስንጮህ ኖረናል፤ ስለ ልጆቻችን ስም ግን ብዙ አልጮኽንም።

በዚህ ከተማ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርጉ። ልጃችሁ በተወለደበት ቀን የማን ዜጋ እንደነበራችሁ የሚያሳየውን ወረቀት ፈልጋችሁ አስቀምጡ። አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላውም ቁጭ አድርጋችሁ ሕጉን ንገሩት። የሚመርጠው እሱ ነው። ምርጫ እንዳለው ሳያውቅ ግን ጊዜው አይለፍበት።

ቸር ይግጠመን።